ግብር ምሮ ደን ያበቀለው ንጉሥ

ከቡሪየን፣ ሲያትል

ከሲያትል በስተደቡብ፣ ከሲታክ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ በምትገኘው በቡሪየን ከተማ የሚኖር አበሻ ሁለት ነገር ሳያይ አይውልም። አንዱ በጣሪያው ላይ ዝቅ ብሎ የሚያልፈው አውሮፕላን ሲሆን ሌላው ከጣሪያው በላይ የቆመው ጥድ ነው። ከተማ መሀል፣ ያውም መሬት በወርቅ በሚሸጥበት አገር፣ ይህ ሁሉ ዛፍ ሳይቆረጥ እንዴት ቀረ ብሎ ለጠየቀ መልሱ የፈረንጅ ደግነት አይደለም። መልሱ ግብር ነው።

የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው ሕግ መሠረት ደኑን፣ እርሻውን ወይም ክፍት ሜዳውን እንዳለ ለማቆየት የተስማማ ባለመሬት ግብሩ የሚሰላው መሬቱ ቤት ቢሠራበት በሚያወጣው ዋጋ ሳይሆን አሁን በሚሰጠው አገልግሎት ነው። ቡሪየን የምትገኝበት የኪንግ ካውንቲ አስተዳደርም ባለመሬቱ ለሕዝብ የሚያስገኘውን ጥቅም በነጥብ እየለካ የተመዘገበውን መሬት የግብር ግምት ከግማሽ እስከ ዘጠና በመቶ ይቀንስለታል። ባለመሬቱ ሐሳቡን ለውጦ ደኑን ቢመነጥር ደግሞ የተማረለትን የሰባት ዓመት ልዩነት ከነወለዱና ከነቅጣቱ ይከፍላል። የፌዴራሉ መንግሥትም እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ የተጎዳ መሬቱን ከማረስ ተቆጥቦ ሣርና ዛፍ ለሚያለብስ ገበሬ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ዓመት በሚቆይ ውል በየዓመቱ ኪራይ ይከፍላል።

ይህ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው? የሚሉ አንባቢዎች ይኖራሉ። አገናኙ አንድ ሰው ነው። ዛፍ ለተከለ ሰው ግብር መማር የሚባለውን ዘዴ ዋሽንግተን ሕግ ከማውጣቷ ከስድሳ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ በአገራችን የሞከረ ንጉሥ ነበረ፤ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ። ስለ ዓድዋው ምኒልክ ብዙ ተጽፏል። ስለ አቅኚው፣ ወይም ሌሎች ወገኖች እንደሚሉት ስለ ወራሪው ምኒልክም ብዙ ተብሏል፤ ክርክሩም አላበቃም። በዚህ ጽሑፍ ግን ሕይወታቸውን ከእንጨትና ከመሬት አንጻር እናያለን። ለምን ቢባል፣ የአገራችን የመሬት ጥያቄ ከዚያ ዘመን ተነሥቶ እስከ ዛሬ ያልተዘጋ በመሆኑ ነው።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም አንጎለላ ላይ ተወለዱ። አባታቸው የሸዋው ንጉሥ ኃይለ መለኮት፣ እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ ለማ ናቸው። ገና የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳሉ አፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ያዙ፤ አባታቸውም በዚያው በ1848 ዓ.ም መጀመሪያ ሞቱ። ልጁ ተማርከው መቅደላ ተወሰዱ። እዚያ ግን እንደ እስረኛ ብቻ አልተያዙም። ቴዎድሮስ እንደ ልጅ አሳድገው ልጃቸውን አልጣሽን ዳሩላቸው። ምኒልክ አሥር ዓመት ያህል ከቆዩ በኋላ በ1857 ዓ.ም ሚስታቸውን ትተው ከአምባው አመለጡ፤ ሸዋ ገብተውም የአባታቸውን ዙፋን ያዙ። ከቴዎድሮስ ቤት ሁለት ነገር ይዘው ሳይወጡ አልቀሩም። አንዱ አገርን አንድ የማድረግ ሕልም ሲሆን ሁለተኛው በጉልበት ብቻ የሚገዛ ንጉሥ መጨረሻው ምን እንደሚሆን ማየታቸው ነው።

በዚያ ዘመን የኢትዮጵያ ንጉሥ ከተማ ማለት ሰፈር ነበር። ንጉሡ ከነሠራዊቱ፣ ከነግብር አብሳዩ፣ ከነከብቱ አንድ ተራራ ላይ ይሰፍራል። ሺህ ሰው በየቀኑ እንጀራ ይጋገርለታል፤ ጠላ ይጠመቅለታል፤ ሥጋ ይጠበስለታል። ለዚህ ሁሉ ማገዶ ያስፈልጋል። ለአዳራሹና ለቤቱም ምሰሶና ማገር ያስፈልጋል። ጥዱና ወይራው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያልቃል፤ እንጨት ለቃሚው መጀመሪያ የግማሽ ቀን፣ ኋላም የሙሉ ቀን መንገድ መሄድ ይጀምራል። ያኔ ንጉሡ ድንኳኑን ነቅሎ ወደ ሌላ ደን ይሄዳል። ምኒልክም ከአንኮበር ተነሥተው ልቼን፣ እንጦጦን እያሉ የመጡት በዚህ ልማድ ነው። እንጦጦ ለጦር የሚመች ነበረ፤ ብርዱ ግን ከባድ ነበር፤ ውሃና ማገዶም ችግር ሆነ። በ1875 ዓ.ም ያገቧቸው እቴጌ ጣይቱ የፍልውሃውን ሜዳ ወደዱት፤ በ1879 ዓ.ም አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ሜዳው ሰው አልባ አልነበረም። ፊንፊኔ ብለው የሚጠሩት ኦሮሞዎች ይኖሩበት ነበር። የከተማዋ ልደት ለእነርሱ ከመሬታቸው የመነሣት መጀመሪያ ነው። ይህን ዘልሎ የምኒልክን ታሪክ መጻፍ ታሪክ መጻፍ አይደለም።

ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም እንጦጦ ማርያም ላይ ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ ሲጭኑ አገሪቱ በክፉ ቀን ውስጥ ነበረች። ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የመጣው የከብት በሽታ የገበሬውን በሬ ፈጀው። ዝናብ ጠፋ፤ አንበጣና ተምች ተከተለ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም የዘለቀው ያ ረሀብ ስፍር ቁጥር የሌለው ሰው ጨረሰ። በሬ የሌለው ገበሬ ማሳው እያለ በረሀብ ሲሞት ያዩት ንጉሥ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት ቆፈሩ፤ መኳንንቱም እንዲቆፍሩ አዘዙ። ሥራ ነውር በሆነበት አገር፣ አራሽና አንጥረኛ በሚናቅበት ዘመን፣ የዘውድ ባለቤት ዶማ መያዙ ትንሽ ነገር አልነበረም። ከዚህም ሌላ ወታደር በገበሬ ቤት እየሰፈረ ጎተራ ያራቁት የነበረበትን ሥርዓት ለማቃለል ገበሬው ከምርቱ አሥራት እንዲያስገባና ሠራዊቱ ከዚያ እንዲቀለብ ደነገጉ። ትእዛዙ በሁሉም ቦታ እኩል ተፈጸመ ማለት አይደለም። ሆኖም ንጉሡ ግብር ማለት መውሰጃ ብቻ ሳይሆን የሰውን ጠባይ ማስተካከያም መሆኑን ማየት የጀመሩት ከዚሁ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች አሥር ዓመት ሳይሞላት ዙሪያዋ ተራቆተ። ከተማዋ ደግሞ እንደ ቀድሞዎቹ ሰፈሮች በቀላሉ የምትነቀል አልነበረችም። ቤተ መንግሥት፣ አብያተ ክርስቲያናት፣ የመኳንንት ግቢ፣ ገበያና የውጭ አገር ሌጋሲዮኖች ተተክለውባታል። ማገዶ ግን የለም። በዚህ ጭንቅ መሀል፣ በ1887 ዓ.ም አካባቢ፣ ከአውስትራሊያ የተገኘው ባህር ዛፍ ወደ አገራችን ገባ። ዘሩን ያስመጡት የንጉሡ አማካሪ የነበሩት ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ እንደሆኑ ብዙዎች ይስማማሉ፤ ሌላ ሰው የሚጠቅሱም አሉ። ያመጣው ማንም ይሁን ማን፣ ዛፉ ከባህር ማዶ ስለ መጣ ሕዝቡ ባህር ዛፍ አለው።

ዘሩ መምጣቱ ብቻውን ምንም አልፈየደም። ንጉሡም ለጊዜው አላመኑበትም ነበር ለማለት የሚያስደፍር ነገር አለ። በ1893 ዓ.ም አካባቢ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ አምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘውና ደን ባልጠፋበት በእጀሬ አዲስ ከተማ ማሠራት ጀመሩ፤ ስሙንም አዲስ ዓለም አሉት። ቤተ መንግሥቱ ተጀመረ፤ መንገድ ተቀየሰ። አዲስ አበባ እንደ ልቼ ባድማ ሆና ልትቀር ጥቂት ቀርቷት ነበር። የውጭ መንግሥታት መልእክተኞችና ባለሀብቶች ግን የሠሩትን ቤት ጥለው መሄዱን አልወደዱትም። በመሀሉ የተተከለው ባህር ዛፍ ማንም ያልጠበቀውን ያህል ተመዘዘ። በጥቂት ዓመት ውስጥ ለማገዶና ለማገር ይደርሳል፤ ሲቆረጥ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ቅጠሉን ከብት አይበላውም። ስለዚህ አዲስ ዓለም ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ተተወችና ዋና ከተማው ባለበት ጸና። በእኛ ታሪክ ንጉሥ እንጨት ፍለጋ መሄዱ ቀርቶ እንጨቱ ወደ ንጉሡ የመጣው ያን ጊዜ ነው።

ታዲያ ሕዝቡ እንዴት ተከለው? ምኒልክ በግዳጅ ሊያስተክሉ ይችሉ ነበር፤ ሥልጣኑ ነበራቸው። የመረጡት መንገድ ሌላ ነው። ችግኝ በርካሽ ዋጋ እንዲታደል አደረጉ፤ ባህር ዛፍ የተተከለበት መሬትም ከግብር ነጻ እንዲሆን ደነገጉ። ነገሩን በገበሬ ሒሳብ እናስላው። ጤፍ የዘራ ሰው ማረስ፣ ማረም፣ ማጨድና መውቃት አለበት፤ ካገኘውም ላይ ለመንግሥት ያስገባል። ባህር ዛፍ የተከለ ሰው አንድ ጊዜ ይለፋል፤ ለመንግሥት የሚሰጠው የለም፤ እንጨቱን የሚገዛ ከተማ ደግሞ ከደጁ አለ። በላዩም በ1900 ዓ.ም የወጣው የአዲስ አበባ የመሬት ደንብ ሰው የያዘውን ቦታ በወረቀት እንዲያስከብር፣ እንዲሸጥና እንዲያወርስ ፈቀደ። ዛሬ የተከልሁትን ነገ ማን ይቆርጠዋል? ለሚለው ጥያቄ መልስ ተገኘ ማለት ነው። ርካሽ ችግኝ፣ የግብር ምሕረት፣ ቅርብ ገበያና የተረጋገጠ ይዞታ በአንድነት ሲገጥሙ ተራራው ያለ ጅራፍ አረንጓዴ ለበሰ። የኪንግ ካውንቲ ባለሥልጣኖች ዛሬ የሚሠሩበት ዘዴ በመሠረቱ ከዚህ አይለይም።

ልዩነቱ ግን መታየት አለበት። የዋሽንግተኑ ሕግ ምሕረቱን የሚሰጠው የአገሩን ነባር ደን፣ ወንዙንና አውሬውን ለሚጠብቅ ሰው ጭምር ነው፤ የምኒልክ ዘዴ ደግሞ ማገዶ ለማግኘት ነበር። የዋሽንግተኑ ሕግ ቃሉን ያፈረሰውን ያስከፍላል፤ በምኒልክ ጊዜ እንዲህ ያለ ውል አልነበረም። ከሁሉም በላይ ደግሞ የግብር ምሕረት የሚጠቅመው መሬት ያለውን ሰው ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ ሰፊ የባህር ዛፍ ባለቤት የሆኑት በአብዛኛው መሬት በገፍ የተሰጣቸው መኳንንትና የጦር ሹማምንት ነበሩ። ጭሰኛው የጌታውን ዛፍ ተከለ፤ ሚስቱና ልጁ ጭራሮውን ተሸከሙ።

በደቡብ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ባህር ዛፉ አዲስ አበባ በገባበት በዚያው በ1887 ዓ.ም የምኒልክ ሠራዊት ወላይታ ዘመተ። ብዙ ደም ፈሰሰ፤ ንጉሥ ጦና ቆስለው ተማረኩ። በሌሎችም የደቡብ አገሮች መሬት በቀላድ እየተለካ ለመንግሥት፣ ለቤተ ክህነትና ለነፍጠኛ ተከፋፈለ፤ የአገሩ ሰው በገዛ መሬቱ ገባር ሆነ። በቀጣዩ ዓመት፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም፣ ከሰሜንም ከደቡብም የተሰበሰበ ሕዝብ ዓድዋ ላይ አንድ ሆኖ ጣሊያንን ድል አደረገ። ሁለቱም ታሪክ እውነት ነው፤ የአንድ ሰው፣ የአንድ ዘመን ታሪክ ነው። አንዱን ይዘን ሌላውን የጣልን እንደሆነ ለልጆቻችን የምናወርሰው ግማሽ ታሪክ ነው።

ከዓድዋ በኋላ የነበሩት ዓመታት የምኒልክ የሥራ ዓመታት ናቸው። በመካኒክ ነገር የሚደሰቱ፣ አዲስ መሣሪያ ሲመጣ ፈታትተው ካላዩ የማይተኙ ሰው ነበሩ። ባቡሩ ድሬዳዋ ደረሰ፤ ባንክ ተቋቋመ፤ በ1900 ዓ.ም የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች ተሾሙ፤ በ1901 ዓ.ም በስማቸው የሚጠራው ትምህርት ቤት ተከፈተ። ጤናቸው ግን ከዳቸው። በ1902 ዓ.ም መጀመሪያ ከባድ ሕመም ጥሏቸው መናገር ተሳናቸው፤ መንግሥቱ በሌሎች እጅ ገባ።

የባህር ዛፉ ታሪክ አስገራሚ ምዕራፍም የተጻፈው በዚሁ የሕመም ዘመን ነው። ዛፉ ውሃ ይመጥጣል፣ ምንጭ ያደርቃል፣ እህል አያስጠጋም የሚል አቤቱታ በዛ። እ.ኤ.አ. በ1913 ከተተከለው ባህር ዛፍ ሁለት እጁ እንዲነቀልና በምትኩ ቅጠሉ ለሐር ትል ቀለብ የሚሆነው ዛፍ እንዲተከል አዋጅ ወጣ። የሰማው ግን ብዙም አልነበረም። ግብር የተማረለትን፣ በየጊዜው እየቆረጠ የሚሸጠውን ዛፍ ማን ይነቅላል? ጥቅም የተከለውን አዋጅ አይነቅለውም። በዚያው ዓመት ማለቂያ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም፣ ምኒልክ አረፉ። ሞታቸው ለረጅም ጊዜ በይፋ ሳይነገር ቆየ። ዐፅማቸው ኋላ በልጃቸው በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን በበዓታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን አረፈ። እንጦጦ ግን ያኔ ሐዘኑን ሳይሰማ በባህር ዛፍ ተሸፍኖ ነበር።

ከእርሳቸው በኋላ የመጡት መንግሥታት ከዚህ ታሪክ ምን ተማሩ? የአፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1965 የመንግሥትንም የግልንም ደን የሚመለከቱ አዋጆች አወጣ። ሆኖም አብዛኛው አራሽ ጭሰኛ በነበረበት አገር አዋጁ ሥር አልሰደደም፤ በማንኛውም ቀን ከመሬቱ የሚነሣ ሰው ዛፍ አይተክልም። ደርግ በ1967 ዓ.ም የገጠሩን መሬት የሕዝብ አደረገ፤ ጭሰኝነት ቀረ። ይህ ለሚሊዮኖች ፍትሕ ነበር። ነገር ግን የግል ደኑም አብሮ ተወረሰና ዛፉ የማን እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ። በ1977ቱ ረሀብ ዘመን በእርዳታ ስንዴ እየተከፈለው እርከን የሠራና ችግኝ የተከለ ገበሬ ብዙ ነበር። በ1983 ዓ.ም መንግሥቱ ሲወድቅ በየቦታው የመንግሥት ናቸው የተባሉት ደኖች ተጨፈጨፉ። ሰው የራሴ ነው የሚለውን አይጨፈጭፍም። ከዚያ የመጣው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬቱን ከመንግሥትና ከሕዝብ እጅ አላወጣም። እ.ኤ.አ. በ1997 የትግራይ ክልል መስተዳድር በእርሻ ማሳ ላይ ባህር ዛፍ እንዳይተከል ከለከለ። የ1913ቱ ክርክር ከሰማንያ ዓመት በኋላ እንደገና ተመለሰ ማለት ነው።

ተስፋ የሚሰጥም አለ። በአዊ ዞን፣ በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር በእጁ የያዘ ገበሬ ማንም ሳያዘው የተራቆተ ማሳውን ዲከረንስ በሚባለው ግራር አለበሰው። በመጀመሪያው ዓመት ከእህል ጋር ይተክለዋል፤ በአራትና በአምስት ዓመት ያከስለዋል፤ ከሰሉም አዲስ አበባ ይደርሳል። የኋላ ኋላ በሽታ ገብቶ ዛፉን በብዛት ማድረቁ ግን አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ መትከል ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ አሳይቷል። ያ ሁሉ ደም በፈሰሰባት በወላይታ ደግሞ በሁምቦ ከ2,700 ሔክታር በላይ የሆነ የተራቆተ ተራራ በአካባቢው ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት እጅ ተሰጠ። እነርሱም ጉቶው እንዲያቆጠቁጥ ጠበቁት፤ ተራራው አገገመ። ደኑ ከአየር ለሚመጠው ካርቦን የዓለም ባንክ ፈንድ ከፈላቸው። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ መንግሥት በየክረምቱ በሚያካሂደው ዘመቻ በቢሊዮን የሚቆጠር ችግኝ ተተከለ ይባላል። ተተከለ ማለት ግን ጸደቀ ማለት አይደለም። ችግኝ በዘመቻ ይተከላል፤ የሚያድገው ግን በባለቤት ነው።

በ2013 ዓ.ም የተከፈተውን የእንጦጦ ፓርክ ያየ ሰው በባህር ዛፉ ጥላ ሥር ቡና ሲጠጣ ያ ዛፍ ለምን እዚያ እንደቆመ ላያስብ ይችላል። በዚያው ተራራ ቁልቁል ከሰውነታቸው የሚበልጥ ጭራሮ ተሸክመው ሲወርዱ የኖሩ እናቶችንም ላያስብ ይችላል። ሁለቱም የምኒልክ ውርስ ናቸው። ንጉሡ ሰው የሚተክለው ሲጠቀም እንደሆነ አወቁ፤ ጥቅሙ ለማን እንደሚደርስ ግን በበቂ አላሰቡበትም። ከዚያ ወዲህ የመጡት ደግሞ ጥቅሙን ለሁሉም እናደርሳለን ብለው ባለቤቱን አጠፉት።

በቡሪየን ቤት የገዙ ወገኖቻችን በየዓመቱ የግብር ደብዳቤ ይደርሳቸዋል። መሬቱ በስማቸው ነው፤ ግምቱ ትክክል ካልመሰላቸው አቤት የሚሉበት ቦታ አለ፤ መንግሥት ዛፉን አትቁረጥ ሲል በምትኩ የሚሰጠው ነገር አለ። ይህ ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ ይዞታ፣ አቤቱታ የሚሰማ ሹምና ቃሉን የሚጠብቅ መንግሥት። የአገራችን ገበሬ ከአንጎለላ እስከ ሶዶ ሲጠይቅ የኖረው ይህንኑ ነው። ስለ መሬት ፖሊሲ በየአዳራሹ የምንከራከር ሁሉ ባንዲራውንና ሐውልቱን ለአፍታ አቁመን፣ ዛፍ የሚተክለውን ሰው እናስበው። የተከለውን እርሱ ይቆርጠዋል ወይስ ሌላ? የዚህን መልስ ያገኘን ቀን ተራራው ራሱ ይመሰክርልናል።

ቸር ይግጠመን።